ዳገት ላይ ድንገት ቀጥ የሚያደርግ ፔስሜከር፦ የምትሮጡ ሰዎች ሴቲንጉን እንዴት አስተካከላችሁ?

የቅዳሜ ሯጭ (ሜሪላንድ)

ሰላም ቤተሰብ፣

41 ዓመቴ ነው። ባለ ሁለት ሽቦ ፔስሜከር (ልብን በኤሌክትሪክ የሚያስመታ ትንሽ ማሽን) ካስገባሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ምክንያቱ ሙሉ ሃርት ብሎክ። የልቤ የላይኛው ክፍል በራሱ ጊዜ ደህና ይመታል፣ ትእዛዙ ግን ወደ ታች አይወርድም። አሁን የሚያወርደው ማሽኑ ነው።

ከዚያ በፊት እሮጥ ነበር። የማራቶን ሰው አይደለሁም። ቅዳሜ ጠዋት ከሐበሻ ልጆች ጋር ሮክ ክሪክ ፓርክ ውስጥ አስር፣ አስራ ሁለት ኪሎ ሜትር እንሮጣለን፣ ከዚያ ቡና፣ ከዚያ ወሬ። ቁስሉ ድኖ ሐኪሜ "ሩጪ" ሲለኝ ተመለስኩ።

ችግሬ ይኸውላችሁ። ሜዳ ላይ ሰላም ነኝ። ዳገት ስጀምር ምቴ ይወጣል፤ 110፣ 115፣ 120። ከዚያ ትንሽ ስጨምርበት አንድ ሰው ከኋላዬ ሶኬት የነቀለ ያህል ቀጥ እላለሁ። እግሬ ይከዳኛል፣ ዓይኔ ብዥ ይላል፣ ደረቴ ላይ የታሰረው መለኪያ 62፣ 63 ያሳያል። ቆሜ ትንፋሽ ስሰበስብ ደግሞ ተመልሶ 115 ላይ ጉብ! ስሮጥ ወርዶ ስቆም የሚወጣ የልብ ምት አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ክሊኒክ ሄጄ ነገርኳቸው። ጋደም አድርገው አዩት። "ባትሪው ጥሩ ነው፣ ሽቦዎቹ ጥሩ ናቸው፣ ማሽንሽ በትክክል እየሠራ ነው" አሉኝ። ነርሷ ደግ ሴት ናት፣ "ለምን ቀስ ብለሽ አትሮጪም?" አለችኝ። ምን ልበላት?

ወረቀቱን አትሙልኝ ብዬ ይዤ ወጥቻለሁ። ሞድ ዲዲዲ። ዝቅተኛው 60፣ ከፍተኛው 120። ኤቪ ዲሌይ 180። ፒቫርፕ 300። ለሚገባው ሰው ይኸው። ህዳር ላይ አዲስ አበባ ሄጄ ታላቁን ሩጫ ከእህቴ ጋር ልሮጥ ቃል ገብቻለሁ፣ እህቴ ደግሞ ቃል የምትረሳ ሰው አይደለችም።

ማክዳ (ዱባይ)

እህቴ እግዚአብሔር ይማርሽ። ግን ከሞት የተረፈ ሰው ስለ ዳገት ይጨነቃል እንዴ? መራመድ በቂ አይደለም?

የቅዳሜ ሯጭ (ሜሪላንድ)

ማክዳዬ አሜን። መራመድማ እራመዳለሁ። ግን ቢሮዬ አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍቱ ሲበላሽ ሦስተኛው ላይ ያው ነገር ይመጣብኛል። ነገሩ የሩጫ ብቻ አይደለም።

ሽቦ አንባቢ (ሚኒሶታ)

ወረቀቱን ስላመጣሽ ተባረኪ፣ ግማሹ ሥራ እሱ ነው። እኔ ሐኪምሽ አይደለሁም። ፔስሜከር ክሊኒክ ውስጥ ማሽን የማነብ ቴክኒሻን ነኝ። ስለዚህ የምልሽን ይዘሽ ወደ ሐኪምሽ ሂጂ።

"በትክክል እየሠራ ነው" ያሉሽ ውሸታቸውን አይደለም። የታዘዘውን እየሠራ ነው። የታዘዘው ግን ለተቀመጠ ሰው ነው።

ማሽኑ እንዲህ ነው የሚያስበው። የላይኛው ክፍል ሲመታ ይሰማል፣ 180 ሚሊሰከንድ ይጠብቃል (ኤቪ ዲሌይ የሚባለው ይህ ነው)፣ ከዚያ ታችኛውን ይመታል። ከመታ በኋላ ደግሞ ለ300 ሚሊሰከንድ ከላይ ለሚመጣ ድምፅ ጆሮውን ይደፍናል። ፒቫርፕ የሚሉት ይህንን ነው። ሁለቱን ደምሪያቸው፣ 480። በዚህ 480 ውስጥ ከላይ ሁለተኛ ምት ቢመጣ እንደሌለ ይቆጠራል።

አንድ ደቂቃ 60,000 ሚሊሰከንድ ነው። ለ480 አካፍይው። 125 ይመጣል። የላይኛው ክፍልሽ ከ125 ባለፈ ቁጥር ማሽኑ አንዱን ሰምቶ አንዱን ይዘላል። 126 ለሁለት ሲካፈል 63 ነው። መለኪያሽ ላይ ያየሽው ቁጥር እሱ ነው። ስትቆሚ የላይኛው ክፍል ከ125 ስለሚወርድ ሁሉንም መስማት ይጀምራል፣ እና ወደ 115 ይዘላል። ማሽንሽ አልተበላሸም፣ ሒሳቡ ነው እንዲህ የሚያደርገው። እኛ ሁለት ለአንድ ብሎክ እንለዋለን።

ጤነኛ አሠራር ቢሆን ጣሪያው፣ ማለትም ያንቺ 120፣ ከዚህ መቁረጫ ቁጥር ራቅ ማለት አለበት። መሀል ላይ ሰፊ ቦታ ሲኖር ማሽኑ አልፎ አልፎ አንድ ምት ብቻ እየጣለ ጣሪያው አካባቢ ያቆይሻል። ይደክምሻል እንጂ ቀጥ አትዪም። አንቺ ጋ ጣሪያው 120፣ መቁረጫው 125። አምስት ምት ብቻ ነው ያለሽ። ዳገት ላይ አምስት ምት ሁለት እርምጃ ነው።

እንግዲህ እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው። "120ውን 160 አድርጉልኝ" ብቻ ብለሽ እንዳትሄጂ። 480ው ባለበት ከቀጠለ 160 ብሎ መጻፍ ዋጋ የለውም፣ አብዛኛው ማሽንም እምቢ ይላል ወይ ማስጠንቀቂያ ያወጣል። መጀመሪያ 480ው ነው ማጠር ያለበት። ምት ሲጨምር አብሮ የሚያጥር ኤቪ ዲሌይ አለ፣ ጤነኛ ልብም ሲሮጥ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ብዙ ማሽኖች ላይ ፒቫርፑም እንዲሁ ምት ሲጨምር ያጥራል። ለምሳሌ በሩጫ ሰዓት 100 እና 250 ቢሆኑ ድምሩ 350 ነው፣ መቁረጫው ወደ 171 ይወጣል። ያኔ ጣሪያውን 150 ወይም 160 ማድረግ ትርጉም ይኖረዋል።

ታዲያ ለምን ለሁሉም ሰው እንዲህ አያደርጉትም? ፒቫርፕ ዝም ብሎ የተቀመጠ ነገር አይደለም። አንዳንድ ሰው ላይ የታችኛው ምት ወደ ኋላ ተመልሶ የላይኛውን ይቀሰቅሳል። ማሽኑ ያንን እንደ አዲስ ምት ከሰማው ታችኛውን ይመታል፣ ያም ይመለሳል፣ እንደገና ይመታል፣ ማብቂያ የሌለው ዙር ይጀምራል። ረዘም ያለ ፒቫርፕ ይህንን ይከላከላል። አንቺ ላይ ወደ ኋላ የሚመለስ ነገር መኖር አለመኖሩን ደግሞ በጥቂት ደቂቃ መፈተሽ ይቻላል፣ ጠይቂያቸው። ሌላው፣ የልብ ደም ሥሩ የጠበበ ትልቅ ሰው ላይ ጣሪያውን ከፍ ማድረግ የደረት ሕመም ሊያመጣ ይችላል። አንቺ ላይ ያ ከሌለ የ41 ዓመት ሯጭን 120 ላይ የሚያስቀምጥ ምክንያት አይታየኝም።

በመጨረሻ፣ ጋደም ብለሽ አትመርመሪ። ችግርሽ ስትተኚ አይመጣም። ትሬድሚል ካላቸው ትሬድሚል፣ ከሌላቸው ኮሪደር ወይም ደረጃ። ማሽኑን የሚያነበው ሰው አጠገብሽ ሆኖ ችግሩ በዓይኑ ፊት እንዲመጣ አድርጊ። ከመሄድሽ በፊት ደግሞ የቀጥ ማለቱን ቀንና ሰዓት ጻፊ። ማሽኑ የምትሽን ስርጭት ይመዘግባል፣ ብዙዎቹም ፈጣን ምት ሲያዩ ሰዓቱን ይይዛሉ።

የቅዳሜ ሯጭ (ሜሪላንድ)

ኧረ ይህንን ሒሳብ ማንም አልነገረኝም! ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ቀጠሮ ልጠይቅ ነው።

ኳስ ብቻ (ሲያትል)

የዴንማርኩ ተጫዋች ኤሪክሰን እኮ ፔስሜከር አስገብቶ ፕሪሚየር ሊግ ተጫውቷል። እናንተ ዳገት ትላላችሁ 😀

ሽቦ አንባቢ (ሚኒሶታ)

ወንድሜ፣ ኤሪክሰን ያስገባው አይሲዲ ነው። ዋና ሥራው ልብ አደገኛ በሆነ ፍጥነት ሲርገበገብ በኤሌክትሪክ መትቶ መመለስ ነው። በፈረንጆቹ ሰኔ 2021 ኮፐንሃገን ላይ ከፊንላንድ ጋር ሲጫወቱ ወደቀ፣ ከዚያ ተገጠመለት። ጣሊያን ውስጥ በዚያ መሣሪያ መጫወት ስለማይፈቀድለት ከኢንተር ወጥቶ በጥር 2022 ለብሬንትፎርድ ፈረመ።

የነገርኩህ ለማረም ብቻ አይደለም። አይሲዲ ያለው ሯጭ ጭንቀቱ ሌላ ነው። ማሽኑ "ከዚህ በላይ አደገኛ ነው" የሚልበት ቁጥር አለ። ያ ቁጥር ዝቅ ተደርጎ ከተሞላና ሰውየው በጤናው እየሮጠ እዚያ ከደረሰ፣ ያለምክንያት ሊመታው ይችላል። ስለዚህ አይሲዲ ያላችሁ ጣሪያ ከፍ አድርጉልኝ ከማለታችሁ በፊት ያንን ቁጥር ጠይቁ። ስትሮጡ የምትደርሱበት ምትና ያ ቁጥር በቂ ርቀት ሊኖራቸው ይገባል።

የስፖርት መምህሩ (አዲስ አበባ)

ልጆቼ፣ እኔ በሩጫ አልመጣሁባችሁም። 68 ዓመቴ ነው፣ ጡረታ የወጣሁ የስፖርት መምህር ነኝ። ልጄ ዘንድ አሜሪካ ሄጄ ሳለ ሁለት ጊዜ ተዝለፍልፌ ወደቅሁና ፔስሜከር ገጠሙልኝ። የእኔ በሽታ ሃርት ብሎክ አይደለም፣ የተፈጥሮው ምት አመንጪ ራሱ ደክሟል ነው ያሉኝ።

መውደቁ ቀርቷል፣ ተመስገን። ነገር ግን ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም ስወጣ ሦስት ቦታ እቀመጣለሁ። ምቴን በጣቴ እቆጥራለሁ፣ ይህንን ለተማሪዎቼ ስንት ዓመት ያስተማርኩት ነው። ከ70 አያልፍም። ሜዳ ላይም፣ ዳገት ላይም፣ ተቀምጬም 60ና 70 መሀል ነው። የቅዳሜ ሯጯ ልጄ ጣሪያዋ ነው የያዛት፣ እኔን የያዘኝ ምንድን ነው?

ሌላም አለ። እዚህ አንድ ሆስፒታል ሄጄ "ይህንን የሚያነብ ኮምፒውተር የለንም" አሉኝ። ፔስሜከር ሁሉ አንድ አይደለም እንዴ?

ሽቦ አንባቢ (ሚኒሶታ)

ጋሼ፣ እንኳን ደህና መጡ። በጣት መቁጠርዎ ከብዙ ሰዓት ይበልጣል።

የእርስዎ ነገር ከእሷ ተቃራኒ ነው። እሷ ላይ የላይኛው ክፍል እየሮጠ ማሽኑ አልከተልም አለ። እርስዎ ላይ ማሽኑ ሊከተል ዝግጁ ነው፣ የሚከተለው ግን የለም፤ የላይኛው ክፍል ራሱ አልነሳም ብሏል። ጣሪያውን 200 ቢያደርጉት አይጠቅምዎትም። የሚያስፈልግዎት ማሽኑ ራሱ "ይህ ሰው እየተንቀሳቀሰ ነው" ብሎ ምቱን እንዲያነሣ ነው። ሬት ሪስፖንስ ይባላል። ካርድዎ ወይም ወረቀትዎ ላይ ሞዱን ይዩት፤ ዲዲዲ ብቻ ካለ ጠፍቷል፣ መጨረሻው ላይ አር ካለበት በርቷል። ብዙ ጊዜ መሣሪያው ውስጡ አለ፣ የሚያበራው ሰው ብቻ ነው የጠፋው።

የኮምፒውተሩ ነገር እውነት ነው። የሜድትሮኒኩ የአቦትን አያነብም፣ የቦስተን ሳይንቲፊኩ የባዮትሮኒክን አያነብም። ካርድዎ ላይ የኩባንያው ስምና የሞዴሉ ቁጥር አለ። ሆስፒታል ከመሄድዎ በፊት በስልክ የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፤ "የዚህ ኩባንያ ፕሮግራመር፣ ማለትም ማንበቢያ ኮምፒውተር፣ አላችሁ?" ከውጭ አስገብታችሁ አገር ቤት የምትኖሩ ሁሉ፣ ካርዱ ፎቶው ስልካችሁ ውስጥ ይኑር።

ባለ ብስክሌቱ (ነታንያ)

ጋሼ ሬት ሪስፖንሱ ሲበራልዎ አንድ ነገር ይወቁ፣ እኔ በራሴ ያየሁት ነው። አብዛኛው ማሽን እንቅስቃሴን የሚያውቀው በመወዝወዝ ነው፣ ስልክ ውስጥ እርምጃ የሚቆጥረው ዓይነት ትንሽ መሣሪያ አለው። እኔ ብስክሌት ነው የምነዳው። ብስክሌት ላይ እግር ይሠራል፣ ደረት ግን ዝም ይላል። ከባሕሩ ዳር ወደ ከተማው የሚወጣውን መንገድ ላቤ ጠብ እያለ ስወጣ ማሽኔ ሶፋ ላይ የተቀመጥኩ መስሎት 75 ላይ ይጠብቀኛል። ቁልቁል ስወርድ፣ ፔዳል ሳልነካ፣ መንገዱ ሲያንገጫግጨኝ 110!

እዚህ ያለው ቴክኒሻን ሴንሰሩን የበለጠ እንዲነቃ አደረገልኝ። ትንሽ ረዳኝ፣ ግን አውቶቡስ ላይ ተቀምጬ ታክሲ ለመያዝ የምሮጥ ያህል ልቤ ይመታ ጀመር። ባትሪዬ አልቆ ሲቀየር ግን አስቀድሜ ለሐኪሙ ብስክሌተኛ መሆኔን ነገርኩት፣ በመወዝወዝም በትንፋሽም የሚለካ መረጠልኝ። ትንፋሼ ሲጨምር ምቴ ይጨምራል። ሌላ ኩባንያ ደግሞ የልብ ጡንቻው ራሱ ምን ያህል እየጠነከረ እንደሚጨመቅ የሚለካ አለው፣ እሱ ስትናደድም ይነሣል አሉ። ገና ያላስገባችሁ ካላችሁ፣ የምትወዱትን ስፖርት ከኦፕራሲዮኑ በፊት ንገሯቸው። ከገባ በኋላ ሴንሰሩን መቀየር የሚቻለው ማሽኑ ሲቀየር ነው፣ ያ ደግሞ ብዙ ጊዜ ስምንት፣ አስር ዓመት ነው።

ኳስ ብቻ (ሲያትል)

የአዲስ አበባ ሚኒባስ ኮብልስቶን ላይ ሲነዳማ ጋሼን ማራቶን ያስሮጣቸዋል በለኛ።

የስፖርት መምህሩ (አዲስ አበባ)

ሳቅህን አልነፍግህም ልጄ። ለዚያውም ከኋላ ወንበር።

ግፊት አለብኝ (ፍራንክፈርት)

እኔ እንደ ቅዳሜ ሯጭ ሃርት ብሎክ ነኝ። ጣሪያዬን ለምኜ 150 አስደረግሁ፣ ምንም ለውጥ የለም። ከ105 አይወጣም። ሐኪሙ የማሽኑን ሂስቶግራም (የምት ስርጭት መዝገቡን) ሲያይ ከ105 በላይ አንድም ምት የለም፣ ጣሪያው ጋ ደርሶ አያውቅም። ለካ ለደም ግፊት የምወስደው ሜቶፕሮሎል የላይኛውን ክፍል ይዞት ነው። ሌላ የግፊት መድኃኒት ቀየረልኝና ነገሩ ተፈታ። አቴኖሎልም፣ ቢሶፕሮሎልም የዚያው ቤተሰብ ናቸው። ግን በራሳችሁ እንዳታቆሙ፣ በድንገት ሲቆም ምትና ግፊት ሊያሻቅብ ይችላል። ቀስ ተብሎ ነው የሚወረደው።

የቅዳሜ ሯጭ (ሜሪላንድ)

እኔ መድኃኒት የለኝም። ቀጠሮ ተይዞልኛል። እስከዚያው ሌላ ጥያቄ፤ ጂም ላይ ክብደት ታነሣላችሁ? ስልክስ የት ታደርጋላችሁ? እኔ ስሮጥ ጡት ማስያዣዬ ውስጥ ነው የምሸጉጠው።

ሽቦ አንባቢ (ሚኒሶታ)

ስልኩን ከዚያ አውጪ፣ ዛሬውኑ። ከአይፎን 12 ጀምሮ ያሉት ውስጣቸው ማግኔት አለ። ማግኔት ፔስሜከር ላይ ሲጠጋ ማሽኑ የልብሽን ድምፅ መስማት ትቶ በራሱ ቋሚ ቁጥር መምታት ይጀምራል። ሲርቅ ይመለሳል፣ ግን እየሮጥሽ እንዲሆን አትፈልጊም። 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ይራቅ። ወገብ ላይ ወይም በሌላኛው ክንድ።

ክብደት፤ መጀመሪያዎቹ ሳምንታት ካለፉ ብዙ ሰው ያነሣል። አራት፣ ስድስት ሳምንት ክንድን ከትከሻ በላይ አታንሡ የሚባለው ሽቦው ቦታውን እስኪይዝ ነው። ከዚያ በኋላ የሚያሳስበኝ አንድ ነገር ነው፤ ሽቦው በአንገት አጥንቱና በመጀመሪያው የጎድን አጥንት መሀል የሚያልፍ ከሆነ፣ ክንድን ደጋግሞ ከላይ ወደ ታች የሚያሠራ እንቅስቃሴ ለዓመታት ሲቀጥል ሊፈትገው ይችላል። ቤንች ፕሬስ በከባዱ፣ በብዛት መዋኘት። ሐኪምሽ ሽቦው በየት እንደገባ ያውቃል። ቦክስና ትግል ግን ተዪ፣ ደረት ላይ ቡጢ ለማሽኑም ለቁስሉም አይሆንም።

የቅዳሜ ሯጭ (ሜሪላንድ)

ሄጄ መጣሁ!!

ትሬድሚል የላቸውም። ሒሳቡን ወረቀት ላይ ጽፌ ነበር የሄድኩት። 180 ሲደመር 300፣ 60,000 ሲካፈል። በዚህኛው ቀን የነበረው ቴክኒሻን ወረቀቱን አየና ፈገግ ብሎ "ደረጃ እንውጣ" አለኝ። ደረቴ ላይ ተለጣፊ አደረገብኝ፣ በእሳት አደጋው ደረጃ ሦስት ፎቅ እየሮጥኩ ወጣሁ ወረድኩ፣ እሱ ታች ቆሞ ስክሪኑን ያያል። ሦስተኛው ዙር ላይ ያው መጣብኝ፣ የደረጃውን ብረት ይዤ ቆምኩ። "ተገኘ!" ብሎ ጮኸ ሰውዬው፣ ደስ ብሎት። ወረቀቱን አትሞ አሳየኝ። ከላይኛው መስመር ሁለት ጭረት፣ ከታችኛው አንድ። ሁለት፣ አንድ። ሁለት፣ አንድ። ስንት ወር ሙሉ "ያለሽ ጭንቀት ነው" ሲሉኝ የነበሩ ዘመዶቼ ሁሉ ያንን ወረቀት ቢያዩት።

ወደ ኋላ የሚመለሰውን ነገር ፈተሸው፣ የለኝም። ሐኪሟ መጥታ ፈቀደች። ኤቪ ዲሌዩ ምት ሲጨምር እስከ 100 እንዲያጥር፣ ፒቫርፑ 240፣ ጣሪያው 160። ከዚያ እንደገና ደረጃ። 148 ደረሰ፣ እያንዳንዱ ጭረት ከላይም ከታችም አንድ ለአንድ። ላቤን እየጠረግኩ ያቺን ወረቀት እንደ ዲፕሎማ ተቀበልኩ።

ቅዳሜ ሮክ ክሪክ ያቺን ዳገት ወጣኋት። ቀርፋፋ ነኝ፣ እግሬ ያንን ሁሉ ወር ተኝቷል። ግን የደከመኝ እንደ ሰው ነው፣ ቀስ በቀስ።

አሁን የቀረኝ አዲስ አበባ ነው። ከፍታው ምን ያደርገኛል?

ሽቦ አንባቢ (ሚኒሶታ)

እሰይ! ያንን ሒሳብ ላሠራሁሽ ለእኔም ምርቃቱ ይድረሰኝ።

አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ኦክስጅኑ ስለሚያንስ በዚያው ፍጥነት ስትሮጪ ልብሽ ሜሪላንድ ላይ ከሚመታው በላይ ይመታል። ስለዚህ ጣሪያሽ ጋ ቶሎ ትደርሻለሽ። አሁን ግን ጣሪያው 160፣ መቁረጫው ወደ 176 ስለሆነ ብታልፊው እንኳን ያኛው ድንገተኛ መቆረጥ አይጠብቅሽም፣ አንዳንድ ምት ይወድቃል፣ ከባድ ይሆንብሻል፣ ትቀንሺያለሽ። ከውድድሩ ቀደም ብለሽ ግቢ፣ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ተራመጂ። ካርድሽንና የመጨረሻውን ሴቲንግ ወረቀት ያዢ። ኤርፖርት ላይ ካርዱን አሳዪያቸው፣ በእጅ የሚይዙትን መፈተሻ ደረትሽ ላይ እንዳያቆዩት ንገሪያቸው፣ በበሩ ማለፍ ችግር የለውም፣ መቆም ብቻ ነው የማይገባው።

ማክዳ (ዱባይ)

ተራመጂ ያልኩት እኔ ነኝ፣ አሁን ደስ ብሎኝ ልጮህ ነው። ሜዳልያሽን ፎቶ አንሺልን።

የስፖርት መምህሩ (አዲስ አበባ)

ልጆቼ፣ እኔም ወሬ አለኝ። ካርዴን ይዤ ስልክ ስደውል፣ የዚያን ኩባንያ ኮምፒውተር ያለው አንድ የግል ሆስፒታል ተገኘ። እንዳልከው ነው ሽቦ አንባቢ፣ ሬት ሪስፖንሱ ከመጀመሪያው ጠፍቶ ነው የኖረው። ልጁ አበራልኝ፣ የሴንሰሩን ጣሪያ 120 አደረገው፣ ኮሪደሩን አመላለሰኝ፣ 95 ሲደርስ "ይብቃ" አለ።

እንጦጦ አሁን አንድ ቦታ ብቻ ነው የምቀመጠው፣ እሱም ለትንፋሽ ሳይሆን ከማውቃት እናት ቆሎ ለመግዛት ነው። ጥያቄዬ ግን አለ። ወደ ላይ ስወጣ ስቆጥር 88፣ 90። ስወርድ 105። ዳገት ላይ ነው እኮ መብዛት ያለበት! ሚኒባሱም ላይ፣ ያ ልጅ እንደቀለደው፣ 95 ይላል። ማሽኑ ተገለበጠብኝ እንዴ?

ሽቦ አንባቢ (ሚኒሶታ)

አልተገለበጠም ጋሼ። የሚለካው ውዝዋዜን ነው፣ ድካምን አይደለም። ሲወጡ እርምጃዎ ዝግ ያለና ለስላሳ ነው፣ ሲወርዱ ተረከዝዎ መሬቱን ይመታል፣ ደረትዎ ይነቃነቃል። ስለዚህ ቁልቁለቱን ሩጫ ያደርገዋል። የብስክሌተኛው ነገር ነው በሌላ መልክ።

ዳገት ላይ ክንድዎን ትንሽ ወዘወዝ እያደረጉ ይውጡ፣ በተለይ ማሽኑ ባለበት በኩል ያለውን። ቀልድ አይደለም፣ ይሠራል። ሁለተኛ፣ ቴክኒሻኑን ሁለት ነገር ይጠይቁት። አንደኛው ሴንሰሩ ምን ያህል ውዝዋዜ ሲሰማ እንደሚነቃ ነው፣ እሱን ከፍ ቢያደርገው ሚኒባሱ ላይ ይረጋል። ሁለተኛው ከነቃ በኋላ በምን ፍጥነት እንደሚያነሣ ነው። ሁለቱን በአንድ ቀን አያስቀይሩ፣ የትኛው እንደረዳ አይታወቅም። አንዱን ቀይሮ ከወር በኋላ ሂስቶግራሙን ይይ፣ እርስዎም የጣትዎን ቁጥር ሲወጡ፣ ሲወርዱ፣ ሚኒባስ ላይ ብለው ለይተው ይዘው ይሂዱ።

የስፖርት መምህሩ (አዲስ አበባ)

ደብተሩ ከነእስክሪብቶው ተዘጋጅቷል። ሰኞ እደውላለሁ። የቅዳሜ ሯጭ ልጄ፣ ህዳር ላይ መስቀል አደባባይ በስተ ስታዲየሙ በኩል ቆሜ እጠብቅሻለሁ፣ የእኔን ቁጥርና ያንቺን ቁጥር እናወዳድራለን።